ዓሣ ራሱን አያጠፋም

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ራሱን አጥፍቶ ነው።»

ይህን ያለኝ ዓሣውን የሸጠልኝ ወጣት ነው። ሊቀልድ ፈልጎ አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «እግዜር ያጽናህ» ሊለኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እኔም በሶፍት የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ መዳፌ ላይ ይዤ ከሱቁ በራፍ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ስንት ዓመት ሙሉ የልቦለድ ገጸ ባሕርያት ለምን ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ለተማሪዎች ሳስረዳ የኖርኩ ሰው፣ ዓሣም ራሱን እንደሚያጠፋ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ዛሬ ሙግቴ ከዚች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ከወጣቱ ጋር ጠብ የለኝም፤ እሱ ሌላ ሰው ያለውን ነው የደገመው። ዓረፍተ ነገሯ ግን ቤቴ ገብታ ሰው በድላለች። አንባቢ «ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል?» ብሎ ገጹን ሊገልጥ ይችላል። እባክዎን ይታገሡኝ፤ የዓሣው ጉዳይ በዓሣው አያበቃም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቡፌው ጎን፣ መቶ ሊትር ገደማ የሚይዝ የዓሣ ገንዳ አስገባን። አኳሪየም የሚሉት። ሐሳቡ የባለቤቴ ነበር። «ማታ ማታ እሱን እያየሁ ጭንቅላቴ ይረፍልኝ» አለች። እኔ መጽሐፍም ጭንቅላት ያሳርፋል ብዬ ተከራክሬ በሰፊ ልዩነት ተሸነፍኩ። ገንዳው ክዳን ነበረው፤ ክዳን መባሉ ካልቀረ። ከፊት ለፊት ለዓይን የሚያምር ጥቁር ፕላስቲክ አለ፣ መብራቱም እሱ ላይ ተገጥሟል። ከኋላ በኩል ግን፣ ማንም በማያየው በግድግዳው በኩል፣ የማጣሪያው ቱቦ፣ የማሞቂያው ገመድና የአየር ፓምፑ ቀጭን ጎማ እንዲያልፉበት ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተትቷል። ልብ በሉ፤ ሦስት ገመድ ለማሳለፍ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር! የቁልፍ ቀዳዳ ያስፈልጋል ተብሎ በሩ በሙሉ ሲነቀል ማለት ነው። ወጣቱን ጠየቅሁት።

«ጋሼ ደግሞ! ዓሣ ነው፤ ወዴት ይሄዳል?»

ሳቅሁ። እውነትም፣ ዓሣ ወዴት ይሄዳል?

ኅዳር ላይ ሄደ። ከሁለቱ ቀያይ ወንድ ሰይፍ ጭራዎች ትልቁ አንድ ቀን ጠዋት ገንዳው ውስጥ የለም። ቅጠሉን ገልጠን አየን፣ ማጣሪያውን ፈታን፣ ባለቤቴ ባትሪ ይዛ ሶፋው ሥር ተንበረከከች። የለም። ታዲያ ዓሣዎቹን የምታበላው፣ በየሳምንቱም ውኃቸውን በባልዲ የምትቀንሰው ማን ናት? ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ። ከገጠር ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነበር። ችሎቱ ማድ ቤት ውስጥ ተሰየመ።

«እትዬ፣ ማታ ሳበላቸው ሁለቱም ነበሩ።»

«ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

አሁን ሳስበው፣ በዚያ ቤት ውስጥ በዚያ ጠዋት ከተነገረው ሁሉ ለእውነቱ የቀረበችው ይህች ሽሙጥ ነበረች። ልጅቷ ዝም አለች። ዝምታዋ እንደ እምነት ክህደት ቃል ተመዘገበባት። «ውኃውን ስትቀንሺ ከባልዲው ጋር ደፍተሽዋል» ተባለ። «ዋጋው ከደሞዝሽ ይቆረጣል» ተባለ። እኔ ጋዜጣዬን ዘርግቼ ሳሎን ተቀምጬ ነበር። «ተባለ» ብዬ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ይያዙልኝ፤ ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ። በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ ፌስታሏን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ያለችው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ደፋሁት እንድላችሁ ነው የፈለጋችሁት። አልደፋሁትም።»

ለገና ቤት ስናጸዳ ቡፌው ተነሣ። ከኋላው፣ አቧራና የጠፋ እስክሪብቶ መሀል፣ ሰይፉ ሳይጎድልበት ቋንጣ ሆኖ ተገኘ። ከገንዳው አንድ ሜትር ገደማ ተንፈራግጦ ሄዷል።

እንግዲህ ዓሣውን ይዤ ወደ ሱቁ የሄድኩት በዚህ ጊዜ ነው፣ «ራሱን አጥፍቶ ነው» የተባልኩትም። ከዚያ በኋላ እንደ ልማዴ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ዓሣ ሳነብ ያገኘሁትን እነሆ።

ሰይፍ ጭራ የመካከለኛው አሜሪካና የሜክሲኮ ወንዞች ዓሣ ነው፤ ዘላይነቱ በዓሣ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ወንዱ ሌላ ወንድ አጠገቡ አይወድም። በወንዝ ውስጥ የተሸነፈው ይሸሻል። መቶ ሊትር ውኃ ውስጥ ሽሽት ወዴት ነው? ወደ ላይ ነው። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ «ቀለማቸው ያምራል» ብዬ። ሁለተኛ፣ ዓሣ ጨለማ ውስጥ እያለ ድንገት መብራት ሲበራበት ይደነግጣል፤ የደነገጠ ዓሣም ይዘልላል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ መጽሐፍ ፍለጋ የሳሎኑን መብራት ቧ የማደርገው ደግሞ ማን ነው? በዚያ ቤት ውስጥ ይህ ልማድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የከተማችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ውኃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውኃ 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እኛ ጋ ከ6 ብዙም አያልፍም። የሯጮቻችን ሳንባ የሚመሰገንበት ከፍታ ለሰይፍ ጭራ ችግር ነው። ፓምፑ እየሠራ ሳለ ነገሩ አይታወቅም። መብራት የሄደ ሌሊት ግን ፓምፑ ይቆማል፣ ውኃው ይረጋል፣ ዓሣው አፉን ከፍቶ ወደ ውኃው ፊት ይወጣል። ትንሽ ነገር ካስደነገጠው ያለው ከክፍተቱ ሥር ነው። ውኃው በቆሻሻው ሲበከል፣ አሞኒያ ሲበዛበትም እንዲሁ ለመሸሽ ይሞክራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ራስን ማጥፋት ነው? ሞት የሚፈልግ ፍጡር አንድ ሜትር አይንፈራገጥም። ዓሣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ውኃ ያለ ይመስለዋል፤ በወንዝ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አለ። ከድንጋይ ማዶ ሌላ ኩሬ አለ። ያ ዝላይ በእሱ ዘር ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲያድነው የኖረ ዝላይ ነው። ከማዶ ምንጣፍ ያነጠፍነው፣ ከኋላም ቡፌ ያቆምነው እኛ ነን።

«ዓሣ ወዴት ይሄዳል?» ለሚለውም መልስ አለኝ። የእኛው አምባዛ ከውኃ ወጥቶ አየር እየተነፈሰ እርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ወደ ሌላ ኩሬ ይሻገራል። በጋምቤላ በኩል የሚያልፈው ባሮ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ሳንባ ያላቸው፣ ፖሊፕቴረስ የሚባሉ ዓሦች አሉ፤ በየአገሩ ያሉ ዓሣ አርቢዎች ከክዳን ሾልኮ በማምለጥ ያውቋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ዓሦች ጥቂቱን ስምንት ወር ያህል እርጥብ መሬት ላይ አሳድገው፣ አረማመዳቸው ከሌሎቹ ተሽሎ እንደ ተገኘ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ዓሣ ወዴት እንደሚሄድ ያልገባን እኛ ነን።

አሁን ወደ ክዳኑ። በየሄድኩበት ቤት፣ በየሆቴሉ መቀበያና በየክሊኒኩ መጠባበቂያ ገንዳ ባየሁ ቁጥር ከኋላ በኩል አንገቴን አስግጌ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ሰው ይታዘበኛል። አብዛኛው ክፍት ነው። ባለቤቶቹን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው «ከደፈንነው ዓሣው ይታፈናል» የሚል ነው። ይህ መልስ ቢያንስ ከርኅራኄ የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ለዓሣው ኦክስጅን የሚገባለት የውኃው ፊት ሲንቀሳቀስ ነው እንጂ ክዳኑ ስለተቀደደ አይደለም። ክዳኑ እንደ ጠርሙስ ቡሽ አየር ሳያስገባ እንዲዘጋ የጠየቀ ማንም የለም፤ የዓሣው ጭንቅላት እንዳያልፍ ብቻ ነው የሚፈለገው። ጣት የማያስገባ ወንፊት አየሩን እንዳለ ያሳልፋል። እንዲያውም እንደ ቤታና ጎራሚ ያሉ፣ ከውኃው ወጣ እያሉ አየር የሚስቡ ዓሦች ከውኃው በላይ ያለው አየር ሞቃትና እርጥብ እንዲሆንላቸው ክዳን ይጠቅማቸዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር መሆን የለበትም። ክፍተቱ ሙቀቱንም ይዘርፋል፣ ውኃውንም ያተንናል፤ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል፣ ቆጣሪውም አብሮት ይዞራል።

ሁለተኛው መልስ «ያስጠላል» ነው። ወንፊት ለሳሎን አይሆንም፣ ስፖንጅ መልክ ያበላሻል። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። የምንደፍነው በግድግዳው በኩል ነው፤ ማንም በማያየው በኩል! ፊቱ እስካማረ ድረስ ጀርባው ምንም ይሁን ማለት ነው። የቤታችን አጥር ፊቱ እምነ በረድ፣ ጎኑ ያልተለሰነ ብሎኬት የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። የተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፍ ሽፋኑ በወርቅ ቀለም ተጽፎ፣ ውስጡ የማጣቀሻ ገጽ የሚጎድለውም እንዲሁ ነበር። (ይህን ሳነሳ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዳንዶቹ እንደሚስቁ አውቃለሁ። ይሳቁ።)

ሦስተኛው መልስ መልስ አይባልም፤ «ዓሣ እኮ ነው!» ነው። ወዳጄ፣ ሲሸጥ ግን እንደዚያ አልተባለም። ሲሸጥ «ውበት ነው፣ ሰላም ነው፣ ሕይወት ነው» ተብሏል። ሕይወት ብሎ የሸጠና የገዛ ሰው፣ ሲሞት «ዓሣ ነው» ማለት አይችልም።

ለመድፈን የሚያስፈልገው ነገርም ያሳፍራል፤ በጣም ትንሽ ነውና። እኔ በመጨረሻ መስታወት ቤት ሄጄ አራት ሚሊ ሜትር መስታወት በልኩ አስቆረጥኩ፤ ሁለቱን ማዕዘን ብቻ ለገመዶቹ አስከረከምኩ፣ ጠርዙን አስሞረድኩ። በገመዶቹ ዙሪያ የቀረችውን ሳሙና ያልነካው ሻካራ ስፖንጅ ቆርጬ ሸጎጥኩባት። መስታወት ማስቆረጥ የማይፈልግ ሰው ለመስኮት የሚሆነውን የፕላስቲክ የትንኝ ወንፊት በፍሬም ወጥሮ ማስቀመጥ ይችላል። ካርቶን አይሞክሩ፤ እንፋሎቱ በሦስት ቀን ያቀልጠዋል። ፕላስተርም እርጥበት ይልጠዋል። ስስ የፕላስቲክ ክዳን ከሙቀቱና ከእርጥበቱ የተነሣ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥም አዲስ ክፍተት ይሠራል። የብረት ወንፊት ደግሞ ከነጭራሹ አይሁን፤ ዚንክ የተቀባው ወይም የመዳብ ከሆነ ጠብ የሚለው ውኃ ለዓሣው መርዝ ነው። ውኃውንም ከአፋፉ አራት ጣት ዝቅ ማድረግ ነው። ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብለው ይውጡ፤ ጠብታው መሬት ላይ እንዲወድቅ። በቃ። ይሄው ነው። የግማሽ ቀን ሥራ።

የግማሽ ቀን ሥራ ለመሥራት ሦስት ወር የፈጀብኝ ለምንድን ነው? «ተባለ» ወዳልኩት ቃል የምመለሰው እዚህ ጋ ነው።

አማርኛችን ለአጥፊ መደበቂያ የሚሆን ሰፊ ጓዳ አለው። ብርጭቆ ከእጃችን ወድቆ «ተሰበረ» እንላለን፤ ራሱ እንደተሰበረ። አርፍደን «አውቶቡሱ አመለጠኝ» እንላለን፤ አውቶቡሱ ከእኛ ሲሸሽ እንደነበረ። መብራት «ሄደ»፣ ውኃ «ጠፋች»፣ ኔትወርክ «እምቢ አለ»። ዕቃው ሁሉ እግር፣ ፈቃድና ጸባይ አለው፤ ያቋረጠ፣ ያልጠገነ፣ ያልከደነ ሰው ግን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ለረዥም ጊዜ ይህን እንደ ውበት አስተምሬዋለሁ። ዕቃው ነፍስ ዘራ፣ ቋንቋው ጨዋታ አወቀ እያልኩ። ያስተማርኩት ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ነው ያስተማርኩት።

ሌላው ግማሽ ማድ ቤት ውስጥ ነው ያለው። እኔ ብርጭቆ ስጥል ብርጭቆው ይሰበራል። ልጅቷ ስትጥል ትሰብረዋለች! ለእሷ ሲሆን ግሡ ባለቤት ያገኛል፤ አንቺ ሰበርሽ፣ አንቺ ደፋሽ፣ አንቺ አጠፋሽ። ዓሣው ሲጠፋ «ጠፋ» ብለን ጀመርን፤ ተጠያቂ የሚሆን ደካማ ሰው እንዳገኘን «ደፋሽው» አልን፤ ልጅቷ ሄዳ ሬሳው ሲገኝ ደግሞ ወደ ቀድሞው ጓዳ ተመልሰን «ራሱን አጠፋ» አልን። በሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ክፍተቱን ከፍቶ የተወው ሰው የለም። ሁለት ወንድ ዓሣ የገዛው የለም፣ ሌሊት መብራት ያበራው የለም። ክዳኑም የለም። ባለቤቴ ይህን ስታነብ «ሁሉንም በእኔ ላይ እንዳትደፋው» ማለቷ አይቀርም። እውነቷን ነው። እሷ ተናገረች፤ እኔ ነገሩን ከቁም ነገር ሳልቆጥር ጋዜጣ አነበብኩ። ለዚያውም ገጹ ስለ ፍትሕ የተጻፈበት ገጽ ነበር።

ነገሩ ከሳሎን ሲወጣ መንገድ ላይ ይጠብቀናል። ክረምት መጥቶ ጎርፉ አስፋልቱን ሲሞላ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ከውኃው ሥር አይታይም። ሰው ይወድቅበታል። ምን ብለን እናወራዋለን? «ጉድጓድ ገባ» እንላለን። ገባ! ቤቱ እንደሚገባ፣ አስቦበት። «ዓይኑ የት ነበር?» የሚል ደግሞ ከአጠገብ አይጠፋም። ክዳኑ የት እንደሄደ ከተጠየቀም የሚጠራው ቁራሌው ነው። ክዳኑን የሚሰርቅ ሌባ አለ፣ አልክድም። ነገር ግን ተሰርቆ ወር ሙሉ ጉድጓዱ ሲያዛጋ በየዕለቱ በመኪናው እየታጠፈ ያለፈው፣ ቦታውን እንዲያስከድን ደሞዝ የሚከፈለው ሰውስ? እሱ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የት ነው ያለው? የሰፈር ሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ጉድጓዱ ውስጥ ይተክላል፣ ሌላው እንዳይወድቅ። ከዚያ ቅርንጫፍ የተሻለ ማስታወቂያ እኔ በዚች ከተማ አላየሁም። የተከለው ሰው ምንም ሳይናገር ሠርቶ ሄደ።

አንዳንዱ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይለኛል። በእምነት የምቀልድ ሰው አይደለሁም፤ ሞት ቀን እንዳለው እኔም ሳልሰማ አላደግሁም። ግን ቀኑ ሲደርስ ሁልጊዜ ክፍተቱ አጠገብ የሚደርሰው ለምንድን ነው? ክዳኑን ከገጠምኩ ወዲህ እኮ የአንድም ዓሣ ቀን ምንጣፉ ላይ አልደረሰም። የተረፈው ወንድ አሁንም ሌሊት ሌሊት ይዘልላል። ጋዜጣ ሳነብ መስታወቱን «ቷ» ሲያደርገው እሰማለሁ፤ ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይወድቃል። ባለቤቴ መጀመሪያ ትደነግጥ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። እኔ አልለመድኩትም።

ልጅቷን ያመጣልን ደላላ ጋ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ሌላ ሠራተኛ ነው የምትፈልገው ጋሼ?» አለኝ። ያቺን ራሷን እንደምፈልግ፣ ከደሞዟ የተቆረጠውንና ሳትቀበለው የሄደችውን የዘጠኝ ቀን ልሰጣት፣ ደግሞም አንድ ነገር ልነግራት እንደምፈልግ አስረዳሁት። «ምን ሰርቃ ነው?» አለኝ። አልሰረቀችም፣ እኛ ነን ያጠፋነው አልኩት። ለጥቂት ጊዜ አየኝ፣ እንዳላመነኝም ገባኝ። በሁለተኛው ቀን አንድ ቤት ገብታ ነበር፣ ከዚያም ወጥታለች፣ አገሯ ገብታ ይሆናል አለኝ። ስልኬን ወስዷል። ገንዘቡ ፖስታ ውስጥ ሆኖ ከገንዳው ጎን ባለው ቡፌ መሳቢያ ውስጥ አለ።